ጥሩ የጤና መምህር በምን ይታወቃል? ምስጋናውስ እንዴት ይሰጣል?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



የምረቃ ወቅት እየተቃረበ ነው። ጀመዓችን በየዓመቱ በሚያዘጋጀው የምረቃ ፕሮግራም ላይ ዘንድሮ አንድ አዲስ ነገር እንዲጨመር ሐሳብ ቀርቧል፤ በጤና ሳይንስ ኮሌጅና በማስተማሪያ ሆስፒታሉ ውስጥ ተማሪዎችን በማስተማር የላቀ ሥራ የሠሩ ሰዎችን ማመስገን። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ገና ከመነሳቱ ሦስት ጥያቄዎች ተከትለውት መጡ። የላቀ የሚባለው በምን መለኪያ ነው? ምስጋናው ለመምህራን ብቻ ነው ወይስ ለሌሎችም ሠራተኞች? ሙስሊም ላልሆኑትስ ይሰጣል?

ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ፤ አይደሉም። ምስጋና ያለ ቦታው ሲሰጥ ሌላውን የሚለፋ ሰው ያሳዝናል፤ ያልሠራውንም ያበረታታል። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከሁለት በኩል ለማብራራት ይሞክራል። አንደኛው ስለ ማስተማርና ስለ ግምገማ የተጠኑ ነገሮች የሚሉት ነው፤ ሁለተኛው ዲናችን ስለ ምስጋና፣ ስለ ውዳሴና ስለ ምስክርነት ያስተማረን ነው። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ስለ ጤና መምህራን ምን አገባው የሚል ካለ፣ እኛ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር መለካት ነው፤ መለኪያው የተዛባ ከሆነ ውጤቱም የተዛባ ነው። ደግሞም የጤና ኮሌጁ ተማሪ ነገ የሚያክመው የሁላችንንም እናት ነው።

የጤና መምህር ለምን ይለያል?

ማንኛውም መምህር አማና አለበት። የጤና መምህር ግን አንድ ነገር ሲያስተምር ተቀባዮቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ፊቱ የተቀመጠው ተማሪ ነው፣ ሌላው ገና ያልመጣው ሕመምተኛ ነው። ተማሪው ፈተና አልፎ ይመረቃል። ያልተማረው ነገር የሚገለጠው ግን ከዓመታት በኋላ፣ በአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ፣ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትመጣ ነው። በዚያ ሰዓት መምህሩ የለም። ተማሪው ብቻውን ነው። መምህሩ ያኔ በደንብ አስተምሮት ከሆነ ግን በእጁ ውስጥ አለ።

ሀገራችን ይህን ገና ከጅምሩ የተረዱ ተቋማት አሏት። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽህና ባለሙያዎችን ለየብቻ ሳይሆን በቡድን አንድ ላይ ያሠለጥን ነበር። ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄዱት አብረው ስለሆነ መማርም ያለባቸው አብረው ነው በሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መሠረቱ አደረገ። ተማሪው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ወደ ቀበሌ ወርዶ ቤት ለቤት እየዞረ የሰውን ችግር እንዲያጠና ያደርጋል። ኢንስቲትዩቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ካደገ በኋላም ይህ አሠራር ከጤና ውጪ ላሉ ተማሪዎች ጭምር ተርፏል።

ከዚህ አንድ ነገር እንረዳለን። የጤና ትምህርት በአዳራሽ ብቻ አይሰጥም። በዋርድ፣ በስኪል ላብ፣ በላብራቶሪ፣ በጤና ጣቢያና በሰው ቤት ውስጥ ይሰጣል። ስለዚህ ጥሩ አስተማሪን የምንፈልገው አዳራሽ ውስጥ ብቻ ከሆነ ብዙዎቹን ሳናያቸው እናልፋለን።

ማወቅና ማድረግ

ጆርጅ ሚለር የሚባሉ አሜሪካዊ የሕክምና ትምህርት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 የጤና ተማሪን ብቃት በፒራሚድ ሥለው አስቀመጡት። ከሥር ያለው እርከን “ያውቃል” ነው። ከዚያ በላይ “እንዴት እንደሚደረግ ያውቃል” አለ። ሦስተኛው “አድርጎ ያሳያል” ሲሆን ጫፉ ላይ ያለው ደግሞ “በሥራው ላይ ያደርጋል” ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። እጅ መታጠብ ኢንፌክሽንን እንደሚከላከል ማወቅ የመጀመሪያው እርከን ነው። መቼና በምን ቅደም ተከተል እንደሚታጠቡ ማስረዳት ሁለተኛው ነው። በስኪል ላብ ፈታኝ ፊት ቆሞ በትክክል መታጠብ ሦስተኛው ነው። ውሃው በጀሪካን በሚቀዳበት፣ ሕመምተኛ በተጨናነቀበት፣ ማንም በማያይበት ዋርድ ውስጥ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲያልፉ መታጠብ ግን አራተኛው ነው። የጽሑፍ ፈተና የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ይለካል። ሕመምተኛውን የሚያድነው አራተኛው ነው።

እኛ ሙስሊሞች ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለንም። ዒልምና ዐመል አንድ ላይ እንዲሄዱ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። የውዱእን አርካን ቆጥሮ የሚያውቅ ልጅ ሁሉ ውዱእ በትክክል ያደርጋል ማለት አይደለም፤ ለዚህ ነው ኡስታዙ “በል አድርገህ አሳየኝ” የሚለው። ጥሩ የጤና መምህርም ተማሪውን ከ“ያውቃል” አንስቶ እስከ “ያደርጋል” ድረስ የሚያደርስ ነው። መለኪያችንም ይህን ማየት የሚችል መሆን አለበት።

ግምገማችን ለምን ያሳስታል?

በሴሚስተሩ መጨረሻ ሁላችንም የመምህር ግምገማ እንሞላለን። ብዙዎቻችን እንዴት እንደምንሞላው እናውቃለን። ውጤት ለማየት ቸኩለን ከላይ እስከ ታች “5” ወይም “1” እናደርጋለን። ከዚያም “ማንም አያነበውም” እንላለን። ነገር ግን ግምገማው ለመምህሩ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ይያዛል፤ በደረጃ ዕድገት ጊዜም ይታያል። በችኮላ የሞላነው ቁጥር የአንድን ሰው ኑሮ ይነካል ማለት ነው።

ችኮላውን ብንተወው እንኳ ሌላ ችግር አለ፤ ስሜታችን ራሱ ያታልለናል። በዚህ ረገድ ሁለት ታዋቂ ጥናቶች አሉ።

የመጀመሪያው በራሳቸው በሕክምና መምህራን ላይ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ የፊልም ተዋናይ ቀጥረው “ዶክተር ፎክስ” የሚል ስም ሰጡት፤ ትልቅ ሊቅ እንደሆነም አድርገው ለታዳሚዎች አስተዋወቁት። የንግግሩ ርዕስ ሒሳብን በሐኪሞች ሥልጠና ላይ ስለመጠቀም ነበር። ተዋናዩ ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የተሰጠው መመሪያም እርስ በርሱ የሚጋጭ፣ ባዶ ነገር በሚያምር አነጋገር፣ በቀልድና በልበ ሙሉነት እንዲናገር ነው። ታዳሚዎቹ ሳይካትሪስቶች፣ ሳይኮሎጂስቶችና ሌሎች ባለሙያዎች ነበሩ። ሲገመግሙት አብዛኞቹ ጥሩ ነጥብ ሰጡት፤ ብዙ እንዳስተማራቸውም ተናገሩ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲታተም ስሙ እስከ ዛሬ በመምህራን ዘንድ ቀረ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ደስ ብሎን መስማትና መማር አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ይቀርባል። ካሬልና ዌስት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ከ10,000 በላይ ተማሪዎችን መረጃ ተጠቅመው በ2010 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳተሙ። በአካዳሚው ተማሪ መምህሩን አይመርጥም፤ በዕጣ ይመደባል። ፈተናውም ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ንጽጽሩ ትክክለኛ ይሆናል። በመጀመሪያው የካልኩለስ ኮርስ ብዙ ልምድ በሌላቸው መምህራን የተማሩት ተማሪዎች በዚያው ኮርስ የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ለመምህሮቻቸውም ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡ። በቀጣዮቹ ኮርሶች ግን የተሻሉት በነባሮቹ፣ ያን ጊዜ ዝቅ ያለ ነጥብ በተሰጣቸው መምህራን የተማሩት ሆኑ። ነባሮቹ ለፈተናው ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለው መሠረት እየጣሉ ነበር። መሠረት ደግሞ ሲጣል አይታይም፤ የሚታየው ሕንፃው ሲቆም ነው።

ይህ ማለት የተማሪ ግምገማ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። መምህሩ በሰዓቱ ይመጣ እንደነበር፣ ተማሪን ያዋርድ ወይም ያከብር እንደነበር፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ይመልስ እንደነበር ከተማሪ የተሻለ ምስክር የለም። “ዕውቀቱ ምን ያህል ጥልቅ ነው?” ለሚለው ግን ገና የሚማረው ሰው ትክክለኛ ዳኛ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ የምንመሰክረው ባየነው ላይ ብቻ ይሁን።

የማይታዩት አስተማሪዎች

ሌላው የመለኪያ ችግር መዋቅሩ ውስጥ አለ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ከረዳት ፕሮፌሰር ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ወደ ፕሮፌሰር ለማደግ የማስተማር ብቃት፣ ጥናትና ምርምር፣ የማኅበረሰብ አገልግሎትና በተቋሙ ሥራ መሳተፍ ይታያሉ። ከእነዚህ ውስጥ ለመቁጠር የሚቀለው የታተመ ጥናት ነው። በጆርናል የወጣ ጽሑፍ በእጅ ይያዛል። አንድ መምህር ሌሊት ተረኛ ሆኖ ሳለ ለኢንተርኑ “ቆይ፣ አትቸኩል፤ እጅህን እዚህ ላይ አድርግ፤ ምን ይሰማሃል?” ብሎ ያስተማረው ግን ወረቀት ላይ አይሰፍርም።

ኤርነስት ቦየር የተባሉ የትምህርት ምሁር ይህንን አስመልክተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ሥራ አዲስ ነገር ማግኘት ብቻ ሳይሆን ማስተማርም ራሱን የቻለ የምሁርነት ሥራ ተደርጎ መታየት እንዳለበት ተከራክረዋል። ሐሳቡ በብዙ ሀገሮች የማስተማር ሽልማቶች እንዲስፋፉ አግዟል።

ከመምህራኑም ውጪ የመምህርነት ማዕረግ የሌላቸው አስተማሪዎች አሉ። የዋርድ ነርሷ የሆስፒታሉ እንጂ የዲፓርትመንቱ ሠራተኛ አይደለችም፤ ነገር ግን ስንቱ የሕክምናና የነርሲንግ ተማሪ መርፌ መውጋትን፣ የደም ሥር መፈለግን፣ የሚጮህ ሕመምተኛን ማረጋጋትን የተማረው ከእሷ ነው። የላብራቶሪ ቴክኒሺያኑ ስላይዱን ደግሞ ደጋግሞ አስተካክሎ የወባውን ተውሳክ እስኪያይ ድረስ ተማሪውን ይጠብቀዋል። የአናቶሚ ክፍል ሠራተኛው ለማስተማሪያ የተሰጠውን አስከሬን በክብር ይይዛል፤ ተማሪውም ክብሩን ከእሱ አይቶ ይማራል። ለእነዚህ ሰዎች የግምገማ ቅጽ የለንም።

በዚህ ጉዳይ የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ግልጽ ነው። መስጂድ ታጸዳ የነበረች አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያጧት ጠየቁ፤ መሞቷን ነገሯቸው። ሰሓቦቹ ጉዳዩዋን አሳንሰው አይተው ስለነበር ሳይነግሯቸው ቀብረዋት ነበር። እሳቸው ግን ለምን እንዳልነገሯቸው ጠይቀው፣ መቃብሯን እንዲያሳዩዋቸው አድርገው ሄደው ሰገዱባት። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ይህን ሐዲስ ስናነብ ብዙውን ጊዜ ስለ መስጂድ ንጽህና ደረጃ እንናገራለን። ነገር ግን ስለ ማስተዋልም ነው። ሰው ሁሉ ያላስተዋለውን ሠራተኛ አለመኖሩን ያስተዋሉት መሪው ነበሩ።

ከሀገራችን ታሪክም ምሳሌ አለን። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በወሊድ ምክንያት በፌስቱላ ተጎድተው ገና በልጅነታቸው፣ ማንበብና መጻፍ ሳይችሉ፣ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ መጡ። ከታከሙ በኋላ ከዶክተር ሬጂናልድና ከዶክተር ካትሪን ሐምሊን ጋር ቆይተው አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው ቀዶ ሕክምናውን ራሱን እስከ መሥራት ደረሱ። ለሥልጠና የሚመጡ ሐኪሞችንም አሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደን የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሐምሊን ባልና ሚስት የቀዶ ሕክምና የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ወይዘሮ ማሚቱም አብረው ተሸላሚ ሆነዋል። ኮሌጁ ዲግሪ ያላቸውን ብቻ ቢቆጥር ኖሮ እሳቸውን አያገኛቸውም ነበር። ሥራውን ስላየ ግን አገኛቸው።

ምስጋና በዲናችን

ሰውን ማመስገን በኢስላም የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ሰዎችን የማያመሰግን አላህን (ሱ.ወ) አመስግኗል እንደማይባል ተምረናል። በጎ የዋለልንን ሰው ውለታውን እንድንመልስ፣ መመለስ ካልቻልን ደግሞ ዱዓ እንድናደርግለት ታዘናል።

በሌላ በኩል ውዳሴ አደጋ እንዳለው ተነግሮናል። አንድ ሰው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሌላውን አብዝቶ ሲያወድስ የወንድሙን አንገት እንደቆረጠ ነገሩት። ከዚያም የግድ ማመስገን ያለበት ሰው ስለሚያውቀው ነገር ብቻ፣ “እንዲህ ይመስለኛል” በሚል ጥንቃቄ፣ ሒሳቡን ለአላህ ትቶ እንዲናገር አስተማሩ። ይህም በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው።

እስቲ ይህን ከላይ ካየነው ጋር እናነጻጽረው። የዶክተር ፎክስ ጥናት የነገረን ስለማናውቀው ነገር ስንመሰክር እንደምንሳሳት ነው። ሐዲሱ የሚያስተምረን ደግሞ ባወቅነው ልክ እንድናመሰግን ነው። “እሳቸው በሀገሪቱ የሌሉ ሊቅ ናቸው” ማለት የማናውቀውን መናገር ነው። “አንድ ተማሪ ዋርድ ውስጥ ሲሳሳት ሕመምተኛው ፊት ሳይሰድቡ ወደ ጎን ወስደው አስተካከሉት፤ ይህን ሦስት ጊዜ አይቻለሁ” ማለት ግን ምስክርነት ነው። የመጀመሪያው ውዳሴ ነው፤ ለተመሰገነውም ለአመስጋኙም አይጠቅምም። ሁለተኛው ለሰውየውም፣ ለኮሌጁም፣ ለሚቀጥለው መምህርም ይጠቅማል። ሌሎች ምን ቢያደርጉ ጥሩ እንደሆነ ያሳያልና።

ግምገማ መሙላት ምስክርነት ከሆነ ፍትሕም ግዴታ ነው። በሱረቱል ማኢዳህ አላህ (ሱ.ወ) ለአንዳንድ ሰዎች ያለን ጥላቻ ፍትሕን እንዳያስተወን አዞናል። ዲ የሰጠንን መምህር “1” የምናደርገው ስላላስተማረ ነው ወይስ ስለተናደድን? ኤ የሰጠንንስ “5” የምናደርገው ስላስተማረ ነው ወይስ ስላስደሰተን? ይህን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

ሙስሊም ላልሆኑትስ?

በውይይታችን ላይ አንዳንድ ወንድሞች “የጀመዓ ፕሮግራም ስለሆነ ለሙስሊም መምህራን ብቻ ይሁን” ብለዋል። ሐሳባቸው ከክፋት የመነጨ አይደለም፤ ለታናናሾቻችን አርአያ ማሳየት ፈልገው ነው። ሆኖም ማስረጃዎቹ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያመለክቱ ይመስለኛል።

ሙጥዒም ኢብን ዐዲይ ሙስሊም አልነበረም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጧኢፍ ሲመለሱ ግን ጥበቃ ሰጥቷቸዋል። እሱ ከሞተ በኋላ፣ በበድር ዘመቻ የተማረኩትን በተመለከተ፣ ሙጥዒም በሕይወት ኖሮ ስለ እነሱ ቢያማልድ ለእሱ ሲሉ ይለቋቸው እንደነበር ተናገሩ። ይህንንም ቡኻሪ ዘግቦታል። ውለታን ከሞት በኋላ እንኳ፣ በጦርነት መሐል፣ በስሙ ጠርቶ ማስታወስ ማለት ይህ ነው። እኛ የሐበሻ ልጆች ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገንም። ሰሓቦቹ ወደዚህ ምድር የተላኩት ንጉሡ ገና ክርስቲያን ሳለ፣ እሱ ዘንድ ማንም እንደማይበደል በተነገረላቸው ጊዜ ነው።

የሙስሊሞች የሕክምና ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደማስቆ ውስጥ ሙሀዘቡዲን አድ-ደኽዋር የተባሉ ሐኪም ነበሩ። በኑሪ ሆስፒታል ሕመምተኞችን ከጎበኙ በኋላ ወደ ቤታቸው ሄደው ተማሪዎችን ያስተምሩ ነበር፤ በመጨረሻም ቤታቸውን ለሕክምና ትምህርት ወቅፍ አድርገው ሰጡት። በስተርጅና ምላሳቸው ከብዶ መናገር ሲያቅታቸው መልሱን ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ያስተምሩ ነበር። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1230 ነው። ይህን የምናውቀው ተማሪያቸው ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ ስለጻፈው ነው። እሱ የመቶዎች ሐኪሞችን ታሪክ በአንድ ኪታብ ሲያሰባስብ ሙስሊሞችን ብቻ አልመረጠም። ግሪኮቹን፣ ክርስቲያኑን ሑነይን ኢብን ኢስሐቅን፣ አይሁዳዊውን ሙሳ ኢብን መይሙንንም አስገብቷል። መለኪያው በሕክምና ያበረከቱት ነበር። የተማሪ ብዕር ለመምህር የሚሰጠው ትልቁ ሽልማት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ መለየት ያለብን ነገር ግን አለ። የጁሙዓ ሰዓት እንዳያልፈን ፈተና ያዛወረልን ወይም በረመዷን የልምምድ ሰዓት ያስተካከለልን መምህር አለ። ይህ ውለታ ነው፤ እናመሰግናለን፣ ዱዓም እናደርጋለን። ነገር ግን የማስተማር ልቀት አይደለም። ሁለቱን ካቀላቀልን ለእኛ ያዘነውን ሰው ያስተማረን አድርገን እንመሰክራለን። ለየብቻ እናመስግን።

እንዴት እናድርገው?

በተግባር የሚከተሉትን ሐሳቦች ለጀመዓው አቅርቤአለሁ፤ እናንተም ጨምሩበት።

አንደኛ፣ ከተመራቂዎች እንጠይቅ። በመስጂድ ደረሳነት ያሳለፍን ሰዎች የምናውቀው ነገር አለ። በወሎ በዳናም ሆነ በጌታ፣ በሌላውም ሐሪማ፣ አንድ ደረሳ ነሕው ለመቅራት ወደ አንዱ ሸይኽ፣ ፊቅህ ለመቅራት ደግሞ ወደ ሌላው ቀናት ተጉዞ ይሄድ ነበር። የሸይኹ ልቀት የሚታወቀው ከእሱ ቀርተው የሄዱት ደረሶች ሌላ ቦታ ተቀምጠው ሲያቀሩ ነው። የአየር ኃይል አካዳሚው ጥናትም የሚለው ይህንኑ ነው፤ መምህር የሚለካው በቀጣዩ ነው። ስለዚህ ዛሬ በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ የሚሠሩ የቀድሞ አባሎቻችንን “አሁን በሥራ ላይ እያላችሁ የማን ትምህርት ነው የሚያግዛችሁ?” ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ጥቆማው ድርጊት ይያዝ። “ጎበዝ ነው”፣ “ደግ ናት” የሚል አይበቃም። ምን አደረገ? የት? ምን አያችሁ? የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ይመለሱ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ከመሰከሩ ደግሞ ይበልጥ እንተማመናለን።

ሦስተኛ፣ ለማይታዩት የተለየ ቦታ ይኑር። ከምስጋናዎቹ ቢያንስ አንዱ ለነርስ፣ ለላብራቶሪ ቴክኒሺያን ወይም የመምህርነት ማዕረግ ለሌለው ሌላ ሠራተኛ ይሁን።

አራተኛ፣ ስጦታን በተመለከተ እንጠንቀቅ። ገና ግሬድ የሚሰጠንን መምህር ብር አዋጥተን ስጦታ ብንሰጠው በእሱም በእኛም ላይ ጥርጣሬ ያስነሳል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ ሊሰበስብ ተልኮ “ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ ነው” ብሎ የመጣውን ሰው፣ እናትና አባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደነበር ጠይቀው ገሥጸዋል። ስለዚህ ከገንዘብ ይልቅ ደብዳቤ እንስጥ፤ ያውም ውጤት ከተለጠፈ በኋላ። ደብዳቤው ለሰውየው ይሰጥ፤ ግልባጩ ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ ወይም ለሆስፒታሉ ሜትረን ይግባ። የመስታወት ዋንጫ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ በማኅደር የሚያያዝ ደብዳቤ ግን ለዕድገት ወይም ለትምህርት ዕድል ሲወዳደሩ ሊነበብ ይችላል።

አምስተኛ፣ ሰውየውን ወይም ሴትየዋን አስቀድመን እንጠይቅ። በመድረክ መጠራት የማይወድ አለ፤ ሥራውን በኢኽላስ የሚሠራ ሰው ልቡን ሊጠብቅ ይፈልግ ይሆናል። እንዲህ ላለው ደብዳቤውን በቢሮው ማድረስ ይበቃል።

ስድስተኛው ሁላችሁንም የሚመለከት ነው። የዚህ ሴሚስተር የመምህር ግምገማ ሲከፈት ለእያንዳንዱ መምህር አምስት ደቂቃ ስጡ። በቁጥሮቹ መጨረሻ ያለው የአስተያየት ቦታ ባዶ አይቅር። ያያችሁትን አንድ ጥሩ ነገርና መሻሻል ያለበትን አንድ ነገር በአክብሮት ጻፉ። ቁጥሩ መምህሩ ስንት እንዳገኘ ይነግረዋል፤ ጽሑፉ ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል።

አንዳንዶች “የእኛ አንድ ወረቀት ምን ይለውጣል?” ይሉ ይሆናል። ጥሩ የጤና መምህራን ከዩኒቨርሲቲ ወደ ግል ሆስፒታል፣ ወደ ድርጅቶችና ወደ ውጪ ሀገር ይሄዳሉ። በደብዳቤ ደመወዝ አይጨመርም፤ ይህን አንደብቅም። ነገር ግን ሰው ሥራው መታየቱን ሲያውቅ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። በዚያ አንድ ዓመት የሚያስተምራቸው ተማሪዎች ደግሞ በየወረዳው ይበተናሉ። ስንት ሕመምተኛ እንደሚደርሳቸው የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

በጤና ኮሌጅ የምትማሩ እህቶችና ወንድሞች፣ የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች እናንተ ናችሁ። ከዋርድ ስትወጡ ስሙን የማታውቁት፣ ነገር ግን ያስተማራችሁ ሰው ካለ ነገ ስሙን ጠይቁት። ጥቆማችሁንም ለጀመዓው የአካዳሚክ ዘርፍ አድርሱ።

አላህ ላስተማሩን ሁሉ መልካሙን ይመንዳቸው፤ እኛንም ያወቅነውን የምንሠራበት፣ ያየነውን በፍትሕ የምንመሰክር ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።